ግማሽ ፀሐይ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲኬድ በግራ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ለብዙ ዓመታት የአንድ አፀደ ሕፃናት አጥር ሆኖ ያገለገለ ረጅም ግንብ አለ። በዚያ ግንብ ላይ ግማሽ ፀሐይ ተሥላ ነበር፤ ከታች ሁለት አረንጓዴ ተራሮች፣ በመካከላቸው ብቅ ያለች ቢጫ ክብ፣ በክቧ ዙሪያ አሥራ አንድ ጨረሮች። ጨረሮቹን የቆጠርኋቸው ታክሲ ስጠብቅ ነው። ፀሐይዋ እንደ አብዛኞቹ የአፀደ ሕፃናት ፀሐዮች ዓይንና አፍ ነበራት፤ ሆኖም ሠዓሊው አፏን ትንሽ ወደ አንድ ወገን ስላዘነበለው ደስ ያላት ሳይሆን አንድ ነገር አውቃ ዝም ያለች ሴት ትመስል ነበር።

በመሐል አዲስ አበባ በእግሩ ለሚሄድ ሰው የተሣለች ፀሐይ ብርቅ አይደለችም። በፀጉር ቤቶች የላሜራ በር ላይ፣ በጭማቂ ቤቶች ግድግዳ ከፓፓያውና ከአቮካዶው በላይ፣ በሚኒባስ ታክሲ የኋላ መስታወት ከጥቅሱ ጎን፣ በግንባታ ቦታ የቆርቆሮ አጥር ላይ ልጆች በስፕሬይ ከጻፉት ስም አጠገብ ትገኛለች። ግራፊቲ ማለት በሌሊት ተደብቆ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ነገር ነው ካልን፣ በእኛ ከተማ ግድግዳ ላይ የምናየው አብዛኛው ሥዕል ግራፊቲ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ከፍሎ፣ ሠዓሊው መሰላል አቁሞ፣ መንገደኛው ቆሞ አስተያየት እየሰጠ በጠራራ ፀሐይ የሚሠራ ነው። «ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው» የምንለው ሊደበቅ ለማይችል ነገር ነው፤ ለመንገድ ሥዕል ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አላገኘሁም። ለብዙ ጊዜ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ከእነዚህ ፀሐዮች መካከል እጅግ ብዙዎቹ ግማሽ መሆናቸው።

ግማሽ ፀሐይ በከተማችን እምብርት ቆሞ የሚታይ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በሰሜን በእንጦጦ፣ በምዕራብ በወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ በፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ በየረር የታጠረች ናት። ፒያሳ ላይ የቆመ ሰው ፀሐይ ምድርን ስትነካ አያይም፤ ለእሱ ስትደርሰው ከፍ ብላ ነው፣ ስትለየውም ከሕንፃ ጀርባ ገብታ ነው። በሥዕሉ ላይ ያሉት ተራሮችም የእኛ ተራሮች አይደሉም። እንጦጦ የተጋደመ ረጅም ሸንተረር ነው፣ ወጨጫም ትከሻው ሰፊ ነው፤ የሥዕሉ ተራሮች ግን ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሾጣጣዎች ናቸው። ይህ ሥዕል ከሰማይ ሳይሆን ከደብተር የተቀዳ ነው። ከዚህም በላይ ግማሽ ፀሐይ እየወጣች ይሁን እየጠለቀች የሚለይ አንድም ምልክት በሥዕሉ ላይ የለም። ይህን የእህቴን ልጅ ብጠይቃት ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አይታኝ፣ «እየወጣች ነዋ፣ አክስትዬ!» አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹን ፀሐዮቼን የሣልሁት እኔ ራሴ ለገበያ ነው። ያደግሁት ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ሲሆን፣ በእንቁጣጣሽ እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ ስንጨፍር ወንዶቹ በወረቀት ላይ የተሣለ አበባና መልአክ በየቤቱ እያዞሩ ይሰጡ ነበር፤ ተቀባዩም ሳንቲም ይሰጣቸዋል። ታላቅ ወንድሜ ሥዕል አይሆንለትም። ስለዚህ ጳጉሜን ስትገባ እኔ ከደብተር መሐል በተገነጠለ ሉክ ላይ እሥላለሁ፣ እሱ ያዞራል፣ ገንዘቡን እኩል እንካፈላለን ተባባልን። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ እኩል ተካፍለን አናውቅም፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ ይህ ሲነሣበት ወሬ ይቀይራል።

መልአክ መሣል ጊዜ ይፈጃል፤ ክንፉ አለ፣ ሰይፉ አለ፣ ዓይኑ አለ። አበባ ደግሞ ቀዩን እርሳስ ይጨርሳል። ፀሐይ ግን የቡና ሲኒ በወረቀቱ ላይ ደፍቼ ዙሪያውን እሠምራለሁ፣ ጨረሩን በማስመሪያ አወጣለሁ፣ አለቀ። ግማሿን በተራራ ስሸፍናት ደግሞ የቢጫው እርሳስ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ስለ ምልክትና ስለ ትርጉም ብዙ የሚጽፉ ሰዎች ቅር እንዳይላቸው እንጂ፣ ለግማሽ ፀሐይ መብዛት አንደኛው ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት ክረምቱ ነው። ነሐሴ ላይ የቤታችን ቆርቆሮ ዝናብ ሲወርድበት እርስ በርስ መሰማማት እስኪያቅተን ድረስ ይጮህ ነበር፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ ሳይደርቅ ይገባል፤ እናቴም ደመናው ትንሽ ከተገለጠ «ፀሐይ ወጣች!» ብላ ፍራሹን ሁሉ ወደ ደጅ ታስወጣን ነበር። በእንቁጣጣሽ ወረቀት ላይ የምንሥላት ፀሐይ ያቺ ናት፤ ለሦስት ወር ያህል ተደብቃ ከደመና ሥር ብቅ የምትለው። የምትጠልቅ ፀሐይ ሥሎ ለአዲስ ዓመት በየቤቱ የሚያዞር ልጅ ሳንቲም አያገኝም። ኑሮው የተቃናለትን ሰውም «ፀሐይ ወጣለት» እንላለን እንጂ «ፀሐይ አናቱ ላይ ደረሰለት» አንልም።

አናት ላይ የምትደርሰዋን ፀሐይ ደግሞ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች በደንብ እናውቃታለን። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 23 ገደማ፣ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። የነሐሴዋን አብዛኛውን ጊዜ ደመና ይሸፍናታል፤ በሚያዝያው ቀን ግን ሰማዩ ከጠራ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት አካባቢ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመ የመብራት ምሰሶ ጥላው እግሩ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው፣ ጨረሩም ይፋጃል። ይህችን ነጭ ፀሐይ ማንም በግድግዳው ላይ አያሥላትም። «አናት የሚበሳ» ብለን ነጠላችንን ራሳችን ላይ ጣል እናደርጋለን፣ ጥላ ወዳለበት ወገን እንሻገራለን። የሰዓት ቆጠራችን እንኳ የሚነሣው ከቀትር ሳይሆን ከዚያች ከግማሿ ፀሐይ ነው፤ ብርሃን ሲሆን አሥራ ሁለት ሰዓት ብለን እንጀምራለን፣ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓትም በዓመቱ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በታች ብቻ ስለሚለዋወጥ ቆጠራው እምብዛም አያሳፍረንም።

በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለውጭ ጎብኚ ያስተዋወቁት በአሥራ ሦስት ወር የፀሐይ ብርሃን ነበር፤ መፈክሩም በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ በፖስተሩም በካርዱም ላይ ኖረ። ሐሳቡ ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን በአፋችን የገባው «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ነው። ፀሐይ ወጥታ ጸጋ ገባች። ነሐሴን በፒያሳ ጭቃ ያሳለፈ ሰው አሥራ ሦስቱን ወር ሙሉ ፀሐይ ነው ለማለት አፉ እንዴት እሺ ይለዋል?

በሌላው ዓለም የመንገድ ፀሐይ ሌላ ሌላ ሥራ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1975 አና ሉንድ የተባለች ዴንማርካዊት ወጣት በቢጫ መደብ ላይ ፈገግ ያለች ቀይ ፀሐይ ሥላ፣ በዙሪያዋ «አቶሚክ ኃይል? አይ፣ አመሰግናለሁ» የሚል ጻፈች፤ ያች ተለጣፊ በብዙ ቋንቋዎች ታትማ የአውሮፓን መንገዶችና መኪናዎች ሞላች። ቁጣን በፈገግታ ማስተላለፏ ይደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካዊው ሠዓሊ ኪት ሃሪንግ በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ጣቢያዎች፣ ማስታወቂያ ባልተለጠፈባቸው ጥቁር ወረቀቶች ላይ፣ በነጭ ጠመኔ የሚድህ ሕፃን እየሣለ ጨረሩን ከፀሐይ ላይ አንሥቶ በሕፃኑ ዙሪያ ይደረድረው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላደገ ዓይን ይህ አዲስ አይደለም፤ እኛ ብርሃኑን በቅዱሳኑ ራስ ዙሪያ ስናይ ኖረናል። ፀሐይ ራሷ በዚያ ሥዕል ውስጥ የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ በስቅለቱ ነው፤ ከመስቀሉ በላይ በአንድ ወገን ፀሐይ ጨልማ፣ በሌላው ጨረቃ ደም ሆና።

ከሁሉም ይልቅ ከእኛ ጋር የሚዛመደው የካይሮው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤል ሲድ የተባለው ፈረንሳዊ ቱኒዚያዊ ሠዓሊ፣ የከተማዋን ቆሻሻ ሰብስበው የሚለዩ ኮፕት ክርስቲያኖች በብዛት በሚኖሩበት መንሺየት ናስር ሰፈር፣ ወደ 50 በሚጠጉ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ አንድ የዐረብኛ ጽሕፈት በክብ ቅርጽ ጻፈ። ሰፈሩ ውስጥ ለሚሄድ ሰው የሚታየው ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ እዚህ ብርቱካንማ ቅስት፣ እዚያ ነጭ መስመር። ክቡ ሙሉ ሆኖ የሚነበበው ከሙቀጠም ተራራ ላይ ሆነው ሲያዩት ነው። ጽሑፉ የፀሐይን ብርሃን አጥርቶ ማየት የሚሻ አስቀድሞ ዓይኑን ይጥረግ የሚል ሲሆን፣ ቃሉ የእስክንድርያው ፓትርያርክ የቅዱስ አትናቴዎስ ነው።

ይህን ባነበብሁ ቀን ሥራዬን ትቼ ብዙ ቆየሁ። በአራተኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርገው ወደ አክሱም የላኩት እኚሁ አትናቴዎስ ናቸው፤ እኛ ፍሬምናጦስን የምንጠራው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን ነው፣ ብርሃንን የገለጠ። በዚያው ዘመን የንጉሥ ዒዛና ሳንቲሞች ተለወጡ። ከዚያ በፊት በአክሱም ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ የሚቀረጸው ክብና ግማሽ ጨረቃ ነበር፤ ክቧ ፀሐይ ናት የሚሉ ብዙ ናቸው። ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በእሷ ቦታ መስቀል ገባ። እንግዲህ የአትናቴዎስ መልእክተኛ በመጣበት ጊዜ ክቧ ከሳንቲማችን ወረደች፤ ከ1,600 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ የአትናቴዎስ ቃል በካይሮ ድሃ ሰፈር ግድግዳ ላይ ክብ ሆኖ ወጣ። ይህ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ከዚህ በላይ ነው ብዬ አልከራከርም። ሆኖም ያንን ቃል አራት ኪሎ ታክሲ እየጠበቅሁ በስልኬ ሳነብ፣ ፊት ለፊቴ አፏን ያጣመመችው ፀሐይ ቆማ ነበር።

በእኛ ከተማ ፀሐይን በትልቁ የሣለ መንግሥት አላስታውስም። መንግሥታት የሚወዱት ኮከብ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በቸርችል ጎዳና ቆሞ አናቱ ላይ ኮከብ ተሸክሟል፣ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በሰንደቅ ዓላማው መሐል ያለውም ጨረር የሚያወጣ ኮከብ ነው። ፀሐይ የቀረችው ለአፀደ ሕፃናት፣ ለጭማቂ ቤትና ለጸጉር አስተካካይ ነው። በእኔ ግምት ይህ ዝቅ ማለት አይደለም።

የግንቧን ፀሐይ የሣሉትን ሰው ያገኘኋቸው ሳልፈልጋቸው ነው። ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ሲጽፉ ቆሜ አያለሁ፤ በቆርቆሮው ላይ የጻፉት «ዳ» ከጎኑ ካለው «ቦ» ጋር ትከሻ ለትከሻ ነበር። ስለ ግንቡ ስጠይቃቸው ቡሩሹን ከጣሳው አፍ ላይ አሳርፈው፣

«የቷ? አፏ የተጣመመው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። ሆን ብለው ነው?»

«የምን ሆን ብሎ፣ የኔ ልጅ። መሰላሉ ተንሸራተተብኝ። እመቤቲቱ ደግሞ ይኸው ደስ ይላል ተወው አለች፣ ተውኩት።»

ፀሐይ እንዴት እንደሚሠሩ አስረዱኝ። ግንቡ ላይ መካከሉን ለክተው ምስማር ይመታሉ፣ በምስማሩ ላይ ሲባጎ ያሥራሉ፣ በሲባጎው ጫፍ ጠመኔ አስረው ወጥረው ያዞራሉ። ግማሽ ፀሐይም ብትሆን ምስማሩ አይቀርም፤ ግማሽ ክብም መካከል አለው። ከዚያ ምስማሩን በመዶሻ ጥፍር ይነቅሉታል። ቀዳዳውን ይደፍኑት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ቀለሙ ይደፍነው የለ?» አሉ፤ ከዚያም ትንሽ አስበው፣ «አይደፍነውም፤ ግን ማን ያየዋል» አሉ።

ስለ ቢጫ ሲያወሩ ግን ድምፃቸው እንደ ሐኪም ሆነ። በየሱቁ ርካሽ የሚሸጠው ደማቅ ቢጫ በጣሳው ውስጥ ሎሚ ይመስላል፤ ፀሐይ ላይ ሁለት ዓመት ከቆየ ግን እንደ ታጠበ ነጠላ ይሆናል። ነጭ የበዛበት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይሞታል፤ ቢጫው ሲሄድ ነጩ ብቻውን ይቀራላ። የማይሞተው ከብረት ዝገት የሚገኘው፣ ወደ አፈር መልክ የሚያደላው ቢጫ ነው፤ «እሱን ደግሞ ማንም ለልጆች አይወድም፣ ፀሐይቱ የታመመች ትመስላለች ይሉኛል።» ከዚያም ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ፤ ፊቱን ወደ እንጦጦ ያዞረ ግድግዳ ቀለሙ ዕድሜ አለው፣ ፊቱን ወደ ለገሃር ያዞረው ቶሎ ይነጣል። ለምን እንደሆነ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በስተደቡባችን ነው የምታልፈው፣ ወደ ሰሜን የምትሻገረው ለቀሩት ወራት ሲሆን ከእነሱም አብዛኛው ክረምት ነው። ስለዚህ ደቡብን የሚያይ ግንብ በጋውን ሙሉ ይጠበሳል። የእኛ ግንብ ደቡብን ያያል። በላይዋ ላይ የምትሄደው ፀሐይ የተሣለችውን ፀሐይ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ትወስዳት ነበር ማለት ነው፤ መጀመሪያ ጨረሮቿን፣ ከዚያ ፊቷን፤ አረንጓዴዎቹ ተራሮች ግን እስከ መጨረሻው ቆሙ።

በስፕሬይ የሚጽፉት ልጆች ይህን ሁሉ አያስቡም። ባለፈው ዓመት አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የግንባታ አጥር ላይ ቁመቷ ከሰው የሚበልጥ አንዲት «ፀ» አየሁ፤ ከጭንቅላቷ ጨረር ወጥቷል። የሠራው ልጅ ስለ ፊደል ታሪክ ይወቅ አይወቅ ምን አገባኝ፣ ያየው ነገር ግን ሁላችንም ስንጽፈው ኖረን ያላየነው ነው። «ፀ» ማለት መሐሏ ላይ መስመር የተሠመረባት ክብ ናት፤ መስመሩ አድማስ ከሆነ የላይኛው ግማሽ የወጣችው፣ የታችኛው ገና ያልወጣችው ነው። በግዕዝ ፀሐይ የሚጻፈው በዚህች በ«ፀ» እንጂ በሌላዋ በ«ጸ» አይደለም። በየግድግዳው «ጸሀይ» ብለው የሚጽፉትን ለማረም ሁልጊዜ እጄን ይበላኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ሰዋስው ሳይሆን ስለ ሥዕሉ ስል እቆጫለሁ። አጥሩ በሁለት ወር ውስጥ ተነሣ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስና ስትሠራ፣ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ ሜዳ ሲሆን፣ ከነቤቶቹ ስንት የተሣለ በርና ግንብ እንደሄደ የቆጠረ ያለ አይመስለኝም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእግረኛ ሆኗል፣ ማታ ማታ መብራት አለ፤ እናቴ በዚያ መንገድ ስትሄድ ከእንግዲህ ጉድጓድ አትፈራም፣ ለዚህ ምስጋናዬ የይስሙላ አይደለም። በመንገዱ ዳር የቀሩት ግድግዳዎች ደግሞ ብዙዎቹ ግራጫ ተቀብተዋል። የእኛ ግንብ ከቀሩት አንዱ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ 5 ቀን፣ ሆን ብዬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ፣ ወደ ግንቡ ሄድሁ። ግራጫው በሩሎ ሁለት ጊዜ የተቀባ ይመስላል፤ ተራሮቹም ፀሐይዋም የሉም። ከግንቡ ሥር አንድ ሊስትሮ ሳጥኑ ላይ ካርቶን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ጥላ ስላልነበረ ካርቶኑን ወዲያው አንሥቶ ራሱ ላይ አደረገው። ፀሐይዋ የነበረችበትን ቦታ ከቤቱ በር ርምጃ ቆጥሬ አገኘሁትና በእጄ ዳሰስሁት። ልጁ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«እዚህ ሥዕል ነበር» አልሁት።

«እኔ ስመጣ ግራጫ ነው» አለኝ።

ከደረቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የቀለሙ ገጽ ልስልስ በሆነበት መካከል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ጣቴን ያዘችኝ። ቀለሙ በጠርዟ ዙሪያ ደርቋል፣ ውስጧ ግን ባዶ ነው። ልጁም ተነሥቶ መጣና የራሱን ጣት አስገባበት፤ ሲያወጣው ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ዱቄት ነበር፣ ሱሪው ላይ ጠረገው።